የቁርስ ፋንታ

የልጄ ልጅ ሐያት ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ደሴ መጥታ ነበር። ገና አረፍ ሳትል ከሻንጣዋ ባልዲ የሚያህል ጥቁር የፕላስቲክ ዕቃ አወጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። የፕሮቲን ዱቄት ነው፣ ውፍረት ለመቀነስ ነው አለችኝ። በማግስቱ ጧት ዱቄቱን ከወተት፣ ከሁለት ሙዝና ከማር ጋር መትታ በትልቅ ብርጭቆ ጨለጠችው። «ጎሽ» ብዬ ሳልጨርስ እጇን ታጥባ ፍርፍሩ ላይ ተሰየመች።

«አባባ፣ አንተ የጤና ሰው ነበርክ» አለችኝ እየጎረሰች። «ይሄ ነገር እውነት ያከሳል?»

ያን ጊዜ ከደረቴ የወጣው ትንፋሽ ከሃምሳ ዓመት በላይ የቆየ ትንፋሽ ነው። ይህንኑ ጥያቄ በወጣትነቴ ተጠይቄ፣ መልሴም እንደ አሁኑ ከጉርሻ ጋር ተውጦ ቀርቶ ያውቃል።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። የድሬሰርነት፣ የሕክምና ረዳትነት፣ ትምህርቴን እንደጨረስኩ ብቸና ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። የእስላም ልጅ በማላውቀው አገር ማን ያስጠጋኛል ብዬ ስሰጋ፣ እትዬ ጥሩወርቅ የሚባሉ ባልቴት ከሰፊው ግቢያቸው አንድ ክፍል አከራዩኝ። በገባሁ ቀን ከገበያ አዲስ ድስት ገዝተው «ይህ የሰይድ ነው፤ የኛ ሥጋ እንዳይነካው» ብለው ለብቻው አስቀመጡልኝ። ደግ ነበሩ። በጣም ወፍራምም ነበሩ።

በዚያ ጊዜ ውፍረት እንደ ነውር አይታይም። የወፈረ ሰው የተመቸው፣ እግዜር ያየው ሰው ነው። ልክሳ የሚል ቢገኝ እንኳ ጤና የለውም ተብሎ ጠበል ይወሰድ ነበር እንጂ ማንም አይሰማውም። እትዬ ጥሩወርቅ ግን መክሳት ነበረባቸው።

አንድ ልጅ ነበረቻቸው። እናኑ ትባላለች፤ ሞጣ ለሚያስተምር መምህር ተድራ እዚያው ትኖራለች። ከሁለት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጇን በክረምት ስትወልድ እናትዮዋ ሊደርሱላት አልቻሉም። ልጁ በተወለደ በማግስቱ ሞተ። እትዬ ጥሩወርቅ ይህን ሲያነሱ «እኔ ብኖር ኖሮ» ብለው ይጀምሩና አይጨርሱትም። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ ከእናኑ ደብዳቤ መጣ፤ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ጳጉሜን ላይ ትወልዳለች። መጨረሻው ላይ «እማዬ፣ ዘንድሮ ያላንቺ አልወልድም» ይላል።

«ታዲያ አሁን መንገዱ ሳይዘጋ በመኪና ይሂዱ» አልኳቸው።

«ጤፉ ሳይዘራ? ባልቴት ዘር ላይ ካልቆመች ማሳዋ የማን እንደሆነ ይረሳል።»

ጤፍ የሚዘራው ሐምሌ ነው። በሐምሌ ደግሞ የዚያ አገር ጥቁር መሬት ውሃ ጠጥቶ ሲላቁጥ እንኳን የጭነት መኪና ፍየልም ይይዛል። የቀረው በቅሎ ነው። የበቅሎ ነገር ደግሞ በግንቦት መጀመሪያ ተፈተነ። እትዬ ጥሩወርቅ ለቅሶ ለመድረስ ከጋሼ ውበቴ በቅሎ ተከራይተው ሲሄዱ፣ በቅሎዋ ገበያው መሀል ስትደርስ ቀስ ብላ ተንበረከከችና ተኛች። ገበያተኛው ሁሉ እያየ ተደግፈው ወረዱ። ጋሼ ውበቴ ማታ መጥተው «እትዬ፣ አይቀየሙኝ። እስከ ሞጣ የሦስት ቀን መንገድ ነው፤ አትችልዎትም» አሏቸው። በእግራቸው እንዳይሄዱ ጉልበታቸው ያብጣል።

ከእኔ በፊት በዚያ ክፍል የኖረ የውጭ አገር መምህር ነበር። ጧት ጧት ብረት ያነሳ ነበር አሉ። አገሩ ሲመለስ ሦስት ትልልቅ ቆርቆሮ ዱቄት ትቶላቸው ሄዷል። እትዬ ጥሩወርቅ ከበቅሎዋ ጉዳይ በኋላ አንዱን ቆርቆሮ ይዘው ክፍሌ መጡ።

«ይህን እየጠጣ ነበር እንደዚያ ሸንቃጣ የሆነው። ምን ይላል ጽሕፈቱ?»

አነበብኩት። «ከወተት የወጣ ገንቢ ምግብ ነው ይላል። ጉልበት ይሰጣል፣ ቶሎ አያስርብም። ውፍረት መቀነስ የፈለገ ሰው ሁለት ማንኪያ በውሃ በጥብጦ የቁርስ ፋንታ ይጠጣዋል።»

«የቁርስ ፋንታ» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። እኔም ገብቷቸዋል ብዬ ተኛሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያ ጠርቼ ሚዛን ላይ አቆምኳቸው። በረንዳው በበሽተኛ ሞልቷል። መርፌው ሄዶ ሄዶ ቆመ። ዱቄቱን ሲጀምሩ ከመዘንኳቸው ሦስት ኪሎ ጨምረዋል! አውርጄ እንደገና አቆምኳቸው። ያው ነው።

«እትዬ፣ ዱቄቱን እየጠጡ ነው?»

«አንድ ቀን አላጎደልኩም። ጧት ጧት በእርጎ እመታዋለሁ፤ ማር ጠብ አደርግበታለሁ።»

«በእርጎ! ቁርስስ?»

«ቁርሴንማ እበላለሁ። ፍትፍቴን በልቼ በላዩ ነዋ።»

«ቁርስዎን ይተዉ አላልኩም?»

«መች አልከኝ?» አሉ ተገርመው። «የቁርስ ፋንታ ነው አልከኝ። እኔም የቁርስን ፋንታ ሳላጓድል ሰጠሁት። ፋንታ ድርሻ አይደለም እንዴ?»

በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። እኔ «በምትኩ» ለማለት ያልኩት ቃል እሳቸው ጆሮ ሲደርስ «ድርሻ» ሆኗል። የቅኔ ተማሪ ከየአጥሩ ሥር በማይጠፋበት አገር አንድ ቃል ሁለት ፍች ይዞ መዞሩን ማወቅ ነበረብኝ። ግን ወጣት ነበርኩ፤ ነጭ ጋዋን ለብሻለሁ፤ ሰው ሁሉ እየሳቀብኝ ነው። ደሜ ፈላ።

«እንዲህ ከሆነማ» አልኩ ጮክ ብዬ «ሞጣን በሕልምዎ ነው የሚያዩት!»

ሳቁ ቀጥ አለ። እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው፣ ከሚዛኑ ላይ አንድ እግራቸውን ካወረዱ በኋላ ሌላውን አውርደው፣ ወጥተው ሄዱ።

ወዲያው የሰኔ ጾም ገባ። ከእኔ ጋር ሰላምታቸው አልጠፋም፤ ጨዋታቸው ግን ጠፋ። በሁለተኛው ሳምንት ከገበያ ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ወደቁ ተብሎ ሰው ሮጦ መጣ። በቃሬዛ አመጣናቸው። የጤና ጣቢያው ዋና ድሬሰር አቶ አስፋው ነበሩ፤ ሽማግሌ፣ ቁጣቸው በዝምታ የሚገለጥ ሰው። ግሉኮስ ሰክተው ሲጨርሱ «ምን በልተው ነው የዋሉት?» አሏቸው።

«ጾም ነው።»

«ሲፈቱስ? ማታስ?»

«አንድ እፍኝ ቆሎ።»

«ስንት ቀን ሆነዎት እንዲህ ሲያደርጉ?»

እትዬ ጥሩወርቅ ወደ እኔ አዩ። «ሞጣን በሕልሜ እንዳላይ ብዬ ነው» አሉ። ስድብ አልነበረበትም፤ የእውነታቸውን ነበር የተናገሩት። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። አቶ አስፋው ወደ ውጭ ጠሩኝና «ሴትዮዋ ሰው ናቸው፣ ጭነት አይደሉም» ብለውኝ ተመለሱ።

በመጸጸት ፈንታ ብልሃት ላሳይ አሰብኩ። በማግስቱ የነፍስ አባታቸው ጤና ጣቢያ ሊጠይቋቸው ሲመጡ «አባ፣ ታመዋልና ይህን ዱቄት በጾሙም ቢሆን ይፍቀዱላቸው» አልኩ። ቆርቆሮውን ተቀብለው አሸተቱት።

«ከምን የተሠራ ነው?»

«ከወተት ነው፤ ግን ደርቋል።»

«ልጄ፣ ወተት ቢደርቅ ሽምብራ አይሆንም» አሉና መለሱልኝ። ለበሽተኛ የሚፈቀድ ነገር እንዳለ ቢናገሩም፣ እትዬ ጥሩወርቅ ራሳቸው እንቢ አሉ። «ልጄን ለማዋለድ ጾም ገድፌ ልሄድ ነው?» አሉ። ራሴን ይዤ ግድግዳውን ተደገፍኩ። በዚህ ሁሉ መሀል አቶ አስፋው ሳቁ፤ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ሽምብራስ ምን አጠፋ?» አሉኝ። «አንተ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ገንቢ ምግብ ስታነብ፣ ጎተራው ውስጥ ያለውን አላየኸውም። ባቄላው፣ ሽምብራው፣ ምስሩ ያው ነው። ጾሙን ሲፈቱ መጀመሪያ ንፍሮ ይብሉ፤ በላዩ ከእንጀራው ትንሽ። ሆዳቸው እንዳይጮህ እንጂ እንዲራቡ አይደለም። ጉልበታቸው እብጠቱ ሲጎድል ደግሞ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አራምዳቸው።»

እንዲህ ሆነ። ጾሙ እስኪፈታ ንፍሮ፤ ከሐምሌ አምስት በኋላ ደግሞ በፍስክ ቀን ሁሉ ዱቄቱ፣ በውሃ ብቻ፣ ያለ እርጎ፣ ያለ ማር፣ ያለ ፍትፍት። መጀመሪያ ቀን ሲቀምሱት ፊታቸውን አጨማደዱና «የኖራ ውሃ ነው» አሉ። ግን ጠቀመ። እስከ ምሳ ሆዳቸው ዝም ይላል። ሌላም ያላሰብኩት ጥቅም ነበረው። የእትዬ ጥሩወርቅ ክፉ ጠላት ረሃብ ሳይሆን እንግዳ ኖሯል። ወደ ቤቱ የመጣ ሁሉ «እርስዎ ካልበሉ አልበላም» ይላል፤ እሳቸውም ከእያንዳንዱ ጋር አንድ ሁለት ይላሉ፤ ሲመሽ የስድስት ሰው ቁርስ በልተው ይገኛሉ። አሁን ያን ብርጭቆ ይዘው ሲቀመጡ እንግዳው «እየጠጡ ነው» ብሎ ይተዋቸዋል። ቆርቆሮው ላይ ይህ አልተጻፈም ነበር።

ከሥራ ስወጣ ጃንጥላ ይዤ እስከ ከተማው ዳር አብሬያቸው እሄዳለሁ። በየደጃፉ ሰው ይወጣል። «ምን ነካዎት እትዬ? ከሱ እኮ!» ደረት ይመታል። አንዳንዷም ታመዋል ብላ በማግስቱ ቅቤ የጠጣ ገንፎ ይዛ ትመጣለች። አንዱን ገንፎ በበር ስመልስ ሌላው በጓሮ ይገባል። በዚያ ክረምት የበላሁትን ያህል ገንፎ በሕይወቴ በልቼ አላውቅም። እትዬ ጥሩወርቅ አሥራ አንድ ኪሎ ሲቀንሱ እኔ ሱሪዬ ጠበበኝ።

ጤፉ በሐምሌ ተዘርቷል፤ ፍልሰታ ከተፈታ በሦስተኛው ቀን ጋሼ ውበቴ በቅሎዋን አመጡ። እትዬ ጥሩወርቅ ሲወጡባት ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። በቅሎዋ ጆሮዋን አንቀሳቀሰችና መራመድ ጀመረች። አቶ አስፋው ፈቃድ ሰጥተውኝ እኔም አብሬ ሄድኩ። ደብረ ወርቅ አደርን። ከዚያ ወዲያ መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ አውልቆ አስቀርቷል። ቁልቁለት ሲሆን እትዬ ጥሩወርቅ ይወርዱና ክንዴን ይዘው በእግራቸው ይሄዳሉ። ከግራ ከቀኝ ባቄላው አብቧል፤ ሽታው ከዝናቡ ጋር ይመጣል። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጉልበታቸው አብጦ እንባቸው ሲወርድ አየሁና «እንረፍ» አልኳቸው። «ጉልበት ተረፈኝ እንጂ አልጎደለኝም፤ ሂድ» አሉኝ።

ሞጣ ገብተን እናኑ በሩ ላይ ስታያቸው ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ጮኸች። ደስታ መስሎኝ ነበር። «እማዬ! ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የከሳሽው? ታመሽ ደብቀሽኝ ነው!» እኔን በጥርጣሬ አየችኝ።

ካሰበችው ቀን ቀደም ብላ፣ በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ወለደች። አዋላጅ የምትባለው ሴት የሕፃኑን ዝምታ አይታ እጇን ልታነሳ ስትል፣ እትዬ ጥሩወርቅ ነጥቀው ጀርባውን እያሹ፣ አፉን በጣታቸው እየጠረጉ፣ እየተቆጡት አስለቀሱት። እኔ ከደጅ ነበርኩ። ያን ልቅሶ ስሰማ፣ የድሬሰር ማዕረጌን ረስቼ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።

እኔ በሳምንቱ ተመለስኩ። እሳቸው የመጡት መንገዱ ሲደርቅ፣ ኅዳር ላይ፣ በጭነት መኪና ነው። ከጋቢናው ሲወርዱ ሾፌሩና ረዳቱ ደግፈዋቸዋል። የአራስ ቤት ገንፎና ቅቤ የቀነስነውን ሁሉ መልሶ፣ ምርቃት ጨምሮበታል።

«እትዬ!» አልኩ፤ ልቅሶ ልቅሶ አለኝ። «ያ ሁሉ ልፋት! ንፍሮው፣ ዝናቡ፣ ዱቄቱ!»

«ምን አጠፋሁ ልጄ?» አሉኝ፣ እንደዚያ ጊዜ በሚዛኑ ላይ እንደተገረሙት ተገርመው። «እኔ የከሳሁት ሞጣ ልደርስ ነው። ደረስኩ አይደለም?»

እኔ ሚዛኑን ሳይ፣ እሳቸው የልጃቸውን በር ያዩ ነበር። ከዚያ በኋላ በየጤና ጣቢያው ብዙ ሰው መዝኛለሁ፤ ብዙ ሰው ተቆጥቻለሁ። ለምን መክሳት እንደፈለገ፣ ለምንስ እንደሚበላ ቀድሜ የጠየቅሁት ግን ጥቂቱን ነው።

ለሐያትም መጀመሪያ የመለስኩላት በቁጣ ነበር። «ፍርፍሩን ከተውሽለት ይረዳሻል፤ ከጨመርሽበት ያወፍርሻል። ሌላ ምሥጢር የለውም!» አልኳት። ፊቷ ሲጨልም አየሁ። ወንበሬን ሳብኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ቆይ፣ ለምንድን ነው መክሳት የፈለግሽው?» አልኳት።

«እንዲሁ ነው» አለችኝ።

ባዶውን ብርጭቆ ከፊቷ አነሳሁላት። ከዚያ ቀስ ብላ መናገር ጀመረች፤ እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላቋርጣት ሰማኋት።