የከሰዓት ፈረቃ መጥረጊያ

ቤቴ መናኸሪያ ሰፈር ነው፤ ከትምህርት ቤቱ ጋር በአጥር እንገናኛለን። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ አብራኝ የምትኖረው የልጄ ልጅ ብቻ ናት። እናቷ ሌላ ከተማ ተቀጥራ ለበዓል ብቻ ትመጣለች። ልጅቱ ስምንተኛ ክፍል፣ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ስለነበረች ጠዋቱ የእኔ ነበር። እሷ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ እኔ አጠገቧ ምስር እለቅማለሁ። ብዙ አናወራም። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሲደወል ደብተሯን ይዛ ትወጣለች፤ ቤቱም ጭር ይላል።

ጠቡ የጀመረው በበርበሬ ነው። ግቢዬ ውስጥ በርበሬ አስጥቼ ሳለሁ፣ ደወሉ እንደተደወለ ከአጥሩ ማዶ አቧራ እየተነሣ ይወርድበታል። ሁለት ቀን ታገሥኩ። በሦስተኛው ቀን ሬዲዮዬን ከፍቼ ተቀመጥኩና አዳመጥኩ። የመጥረጊያው ድምፅ የቆመው የሰባት ሰዓቱ ዜና ሊጀምር ሲል ነው። በማግስቱም እንደዚያው።

ልጅቱ ስትመለስ ጠየቅኳት።

«ስትገቡ መጀመሪያ የምትማሩት ምንድን ነው?»

«ሒሳብ።»

«ሁልጊዜ?»

«ከሰኞ እስከ ዓርብ።»

«የሚጠርገውስ ማን ነው?»

«እኛ ነና። የጠዋቶቹ ወረቀትና የሸንኮራ ልጣጭ ጥለው ይሄዳሉ። ሳይጠረግ መምህሩ አይገባም።»

አንዱ ክፍለ ጊዜ አርባ ደቂቃ ነው። ሠላሳው በመጥረጊያ ካለቀ ለሒሳብ የሚተርፈው አሥር ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም መቀነስ አልረሳሁም። ልጅቱ በሒሳብ ከመጨረሻዎቹ አንዷ ስለነበረች «ጭንቅላትሽ ድንጋይ ነው ወይ?» ብያት አውቃለሁ። ያን ቀን ቃሉ በራሴ ላይ ተመልሶ ወደቀ። በዓመቱ መጨረሻ የክልል ፈተና ይጠብቃታል፤ ሒሳቧ እንዲህ ከቀጠለ መውደቋ አይቀርም።

በማግስቱ ነጠላዬን አጣፍቼ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። ትሁት ሰው ነው፤ ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ።

«እማማ፣ ስለ አቧራው ይቅርታ ያድርጉልን» አለኝ። ለካ ስለ በርበሬዬ ያማረርኩለት የበር ጥበቃ ነግሮታል።

«አቧራውን ተወው። ያመጣኝ የልጆቹ ሰዓት ነው።»

ነገሩን ዘርዝሬ ስነግረው ፈገግ አለ። «እማማ፣ መጥረግም እኮ ትምህርት ነው።»

«እንግዲያው የጠዋቶቹም ይማሩት።»

ጸሐፊዋ ሳቋን በእጇ ሸፈነች። እሱ ዞሮ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክፍለ ጊዜ ድልድል አተኩሮ አየ። ሒሳብን መጀመሪያ ላይ ያደረጉት ልጆቹ ሳይደክማቸው እንዲማሩት ብለው ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። መጥረጊያውን ግን ድልድሉ ላይ የጻፈው የለም።

በወላጆች ስብሰባ ሦስት ጊዜ ተነሣሁ። «እማማ ይቀመጡ፣ ሌላም ሰው ይናገር» ሲሉኝ «ሌላው ስለዚሁ ይናገርና እቀመጣለሁ» አልኩ። በመጨረሻ ሁሉም ፈረቃ ቆሻሻውን ራሱ ጠርጎ እንዲወጣ ተወሰነ። ስምንተኛ ክፍል ደግሞ እስከ ፈተናው ድረስ ሙሉ ቀን እንዲማር፣ ሒሳብና ሳይንስም ሁለት ሁለት ክፍለ ጊዜ ተያይዞ እንዲሰጥ ተባለ። እጄን ከሁሉም ቀድሜ አወጣሁ። ጠዋቴም አብሮ እንደሄደ የገባኝ ወደ ቤት ስመለስ፣ መንገድ ላይ ነው።

ከወር በኋላ «ለውጥ አለው?» አልኳት።

«አለው። ድሮ ጥያቄውን ከሰሌዳ ገልብጠን ሳንጨርስ ይደወላል። አሁን ስሳሳት መምህሩ አጠገቤ መጥቶ የቱ ጋ እንደሳትኩ ያያል። ሳይንስ ላይ ግን ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሲገባ መምህሩም እኛም እናዛጋለን።»

«ማዛጋት ከፈተና አይጥልም» አልኳት።

የሙከራ ፈተና ወረቀቷን አሳየችኝ፤ ከግማሽ በላይ አግኝታለች። ደስ አለኝ። ጠዋቱን ግን አልቻልኩትም። ምስሩን ለቅሜ ስጨርስ ገና ሦስት ሰዓት ነው። ሁለተኛ እለቅመዋለሁ። ደወል በተደወለ ቁጥር አሁን ምን እየተማረች ይሆን እላለሁ። ለምሳ ትመጣለች፤ ቆማ ጎርሳ ትሮጣለች።

ቅዳሜ ቀርታልኝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አብረን ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወርደን ዓሣ እንገዛለን። ፈተናው ሲቃረብ፣ አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤት መጥታ በር ላይ ቆመች።

«ቅዳሜ ጠዋት ማጠናከሪያ አለ ተብሏል። ግዴታ አይደለም።»

«አንቺስ ትፈልጊያለሽ?»

«እርስዎ ብቻዎን ሊሄዱ ነው?»

ቅሪ ማለት ቀላል ነበር። ማንም አይጠይቃትም። ግን ሰዓቷ ተበላ ብዬ ርዕሰ መምህር ፊት የቆምኩ ሰው አሁን እኔው ልብላው?

«ዓሣ መምረጥ ካንቺ ነው እንዴ የተማርኩት? ሂጂ» አልኳት።

ብቻዬን ወረድኩ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ልማዳቸው ሐይቁ ዳር ቆመው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ዓሣ የሚያጸዳልን ሰውዬ ከኋላዬ ፈለጋት።

«ልጅቷስ እማማ?»

«ክፍል ናት።»

«ቅዳሜም?»

«ቅዳሜም። ቶሎ በል፣ ስትወጣ ይርባታል።»

ፈተናውን አለፈች። አሁን የምትማርበት ትምህርት ቤት ሩቅ ነው፤ ጠዋት በባጃጅ ትሄዳለች፣ የእሷን ደወል አልሰማውም። ከአጥሩ ማዶ ግን ስድስት ሰዓት ሲሆን የጠዋቶቹ መጥረጊያ ይጀምራል። ሲጀምር ተነሥቼ በርበሬዬን አስገባለሁ።