ኦቦ ጂርታ

ዛሬ ጠዋት የምገዛውን ለመጻፍ እርሳስ ስቀርጽ የጥድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና እጄ ቆመ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ የደን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ወደ ጊንጪ ከተዛወርን ወር አልሞላንም፤ እኔ ኦሮምኛ ‹አቶ› ለማለት ከሚጠሩበት ‹ኦቦ› በቀር አንዲት ቃል አላውቅም። አንድ ቅዳሜ አባቴ ከጭሊሞ ደን አናት ላይ ብቻውን ለሚኖረው ደን ጠባቂ ጨውና የባትሪ ድንጋይ ሲወስድ ተከትዬው ወጣሁ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ የረገፈው የጥድ ቅጠል እግር ያንሸራትታል። የጠባቂው ጎጆ ገና ሳትታይ አባቴ ቆም ብሎ «ጂርታ!» ሲል ተጣራ። ከላይ «ጂራ!» የሚል ድምፅ መለሰለት።

‹ጂርታ› ስሙ መሰለኝ። ስንደርስ እጅ ነስቼ፣ «ጤና ይስጥልኝ፣ ኦቦ ጂርታ» አልኩት።

አባቴ በሳቅ ፈረሰ። «ስሙ እኮ አይደለም! ‹አለህ ወይ?› ማለት ነው፤ እሱም ‹ጂራ›፣ ‹አለሁ› ነው ያለኝ።»

ሰውየው ግን አልሳቀም። ከደጁ ላይ ሆነው ሲያዩት አገሩ እስከ አምቦ ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። ወደዚያ እያየ፣ «ተዋት፣ እንደሱው ትጥራኝ። እዚህ ሆኜ የማላየው የለም፤ አለህ ወይ የሚለኝ ነው የጠፋው» አለ።

አልገባኝም። ስንወርድ እየዞርኩ «ኦቦ ጂርታ!» እላለሁ፤ እሱም ዛፎቹ እስኪጋርዱን ድረስ «ጂራ!» ይለኛል።

አሁን ልጆቼ ርቀዋል። ስልኬ ከጮኸ ሳምንት አለፈው። እርሳሱን አስቀመጥኩና ራሴን «ጂርታ?» አልኩት።