ወደ ኋላ የተረገጠው ፔዳል

ድሬዳዋ ከገባሁ ስንት ዘመኔ፤ ዛሬም ግን ባለ ብስክሌቱ በምን እንደሚያቆም ሳላይ መንገድ አልሻገርም።

በጃንሆይ ዘመን ባለቤቴ መካነ ኢየሱስ በምትባለው ከተማ አስተማሪ ነበር። የትምህርት ቤቱ ብስክሌት ጎማዋ ወፍራም፣ አካሄዷ እንደ እርሻ በሬ ዝግ ያለ ነበር፤ ፔዳሏን ወደ ኋላ ሲረግጧት ቀጥ ትላለች። ባለቤቴ በእሷ ለምዶ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ወርዶ ይሳለማል፣ ታላቅ ሰው ሲያገኝ ወርዶ እጅ ይነሣል። በእኛ አገር በበቅሎም ይሁን በሌላ የተቀመጠ ሰው ለታላቅ ካልወረደ ንቀት ነው፤ ንቀት ደግሞ ደም ያፈሳል።

ያቺ ስትሰበር ከአስመራ የመጣ ባልደረባው የራሱን አዋሰው። ጎማዋ አውራ ጣት የምታህል ቀጭን፣ እጀታዋ እንደ በግ ቀንድ የተቆለመመ ነበር።

"ይህች የምትቆመው በእጅ ነው። ጠጠር ላይ በኃይል አትጨብጣት፣ ትጥልሃለች" አለው።

ባለቤቴ ሜዳው ላይ ሲለማመድ ሰነበተ። እጁ ተማረ፤ እግሩ ግን የድሮውን አልረሳም።

የማርያም ዕለት ከቅዳሴ ስመለስ ቁልቁለቱን ሲወርድ አየሁት። ከታች አንድ የአገሩ ቀኛዝማች በበቅሎ ይወጣሉ፤ አሽከሮቻቸው ጠመንጃና ዱላ ይዘው ከበዋቸዋል። ባለቤቴ ሊወርድላቸው ብሎ እንደ ልማዱ ፔዳሉን ወደ ኋላ ረገጠ። ሰንሰለቱ በከንቱ ዞረ። ደግሞ ረገጠ። በመጨረሻ ደንግጦ የእጁን ፍሬን ጭምቅ ሲያደርገው ጎማው ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተና በቅሎዋ ደረት ላይ ገባ። በቅሎዋ ዘላ ቀኛዝማችን ድንጋይ ላይ ጣለቻቸው። ክንዳቸው ሲሰበር እኔ ካለሁበት ተሰማኝ።

"ጌታችንን ሊገድል!" አለ አንዱ፤ ዱላው ባለቤቴ ራስ ላይ አረፈ። ሌላው በሰደፍ አፉን መታው፤ ጥርሱ ከደሙ ጋር አፈር ላይ ተበተነ።

"አልወርድም አልህ? በል አሁን ውረድ!" ይላል ሦስተኛው፣ ጎኑን እየረገጠ።

ሮጬ ላዩ ላይ ወደቅሁ። ዱላው እኔንም ጀርባዬን አገኘኝ።

"በንጉሥ አምላክ! ዳኛ ይየን!" ብዬ ጮኽሁ።

ይህ ቃል ከተጠራ በኋላ የሚማታ ሰው ንጉሥ እንደ ደፈረ ይቆጠራል። ዱላው አየር ላይ ቀረ። ከኋላዬ ይመጡ የነበሩ ቄስ እዚያው ነገራችንን ሰምተው እንዲፈርዱ የመንገድ ዳኛ ሆነው ተያዙ።

"ልጄ፣ ስለ ምን አልወረደም?" አሉኝ።

"አባቴ፣ የረገጠው ሊወርድ ብሎ ነው። የድሮዋ እንዲህ ሲሏት ትቆማለች፣ ይህች አትቆምም። በእጅዎ ይዩት።"

ቄሱ የኋላ ጎማዋን ከመሬት አንሥተው አሽከረከሩና ፔዳሉን ወደ ኋላ መለሱት። ጎማው መሽከርከሩን አልተወም። ቀኛዝማች የተሰበረ ክንዳቸውን አቅፈው ብዙ ተመለከቱ።

"እንግዲያስ እሱ አልናቀኝም" አሉ። "የናቀችኝ ይህች ናት።"

አሽከሮቹ ብስክሌቷን በድንጋይ ቀጥቅጠው ገደል ሰደዷት። ቁጣቸው አልወጣላቸው ኖሮ ወደ ባለቤቴ ሲዞሩ ቀኛዝማች ጮኹባቸው፤ "የመታችሁት እናንተው ተሸከሙት!"

ሦስቱ ዱላቸውን በጋቢ አስረው ቃሬዛ ሠሩ።

"እትዬ፣ አይርገሙን" አለኝ አንዱ በመንገድ፣ እጁ ገና በደም እንደ ተለወሰ።

"አታንገጫግጨው" አልሁት።

እጄን ከባለቤቴ አፍንጫ ሥር አላነሣሁም። እስትንፋሱ መዳፌን እያሞቀው መካነ ኢየሱስ ገባን።