ቆቅ ያልኋት ወፍ

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው፤ ከጅጋ ወጣ ባለ ቀበሌ የግብርና ሠራተኛ ሆኜ በተመደብሁበት የመጀመሪያ ክረምት። እስከ ዛሬ ለማንም አውርቼው አላውቅም። ጤፍ ሲዘራ ባየሁ ቁጥር ግን ትዝ ይለኝና አፍራለሁ።

ሐምሌ ነበር። ቡቃያው ቦታ ቦታ ሳስቶ ገበሬው ተጨንቋል። ማሳ ለማሳ ስዞር ከወሰን ሣር ውስጥ ዝንጉርጉር፣ ከጡጫ እምብዛም የማትበልጥ ወፍ ከእግሬ ሥር በርራ ተነሣች። ትንሽ ራቅ ብላ ተመልሳ ሣሩ ውስጥ ገባች።

እሑድ በስብሰባው ላይ፣ "ዘሩን የሚለቅመው የቆቅ ጫጩት ነው። መደበቂያ እንዳያገኝ የወሰኑን ሣር እጨዱት" አልሁ። ስትለቅም አላየኋትም። አላውቅም ማለት አፍሬ ነው።

የደብሩ የቅኔ መምህር መሪጌታ ልሳነወርቅ ራሳቸው ያርሳሉ። "የቆቅ ነው አልሽ?" አሉኝ። አዎ ስላቸው ጋቢያቸውን ደርበው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ደጄ ቆመው አገኘኋቸው። ከጋቢያቸው እጥፋት ያችኑ ወፍ አወጡ። አንገቷን ማጭድ ቆርጧታል።

"ጫጩት ያልሻትን እንቁላል ታቅፋ አገኘኋት" አሉ ቀስ ብለው። "ድርጭት ናት ልጄ። እንቁላሏን ትታ አትነሣም፤ ማጭዴ እስኪደርስባት ተኝታለች። እንቁላሎቿን ከዶሮ ሥር አድርጌያቸዋለሁ።"

ሆዷን በካራ ከፈቱት። ተምችና የአረም ፍሬ ሞልቶታል። ጤፍ አልነበረበትም።

"ካወቁ ለምን ያን ለት አልነገሩኝም?"

"ተምራ የመጣች ስትናገር፣ እኔ እሆናለሁ የተሳሳትሁ አልሁ።"

እንቁላሎቹ አልተፈለፈሉም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ተሳስቻለሁ ልል ቆርጬ ሄድሁ። ሰዉን ሳይ ግን ስለ ማዳበሪያ አውርቼ ተቀመጥሁ። መሪጌታ ቀና ብለው አዩኝና አንገታቸውን ደፉ። እሳቸውም አላጋለጡኝ። አጨዳው ቀጠለ። ነሐሴ ላይ ተምቹ በረታ። ድርጭቶቹ ስለጠፉ ነው አልልም፤ አፌን ሞልቼ አይደለም ለማለትም አልችልም።

በዓመቱ ወደ ቡሬ ተዛወርሁ። ዓመታት አልፈው መሪጌታ ማረፋቸውን ስሰማ ለልቅሶ ሄድሁ። ልጃቸው አጠገቤ ተቀምጣ ስለ አባቷ ስታወራ፣ "አንድ ክረምት የታቀፈች ድርጭት በማጭድ ገድለው፣ ለንስሐ አባታቸው ተናግረው ሲሰግዱ ከረሙ" አለችኝ።

ማን እጨዱ እንዳላቸው ነግረዋት እንደሆነ አላወቅሁም። ልጠይቃት አልደፈርሁም። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አድርጌ አለቀስሁ፤ ሰዉ ለእሳቸው መሰለው። ያ ስግደት የእኔ ዕዳ ነበር።