የሚዜው ባሌስትራ

ዕንባቆምን በጎፈር ሜዳ ሰፈር የሚያውቁት ሁሉ ረጋ ያለ ሰው ነው ይሉታል። አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን አይቀርም። የሚተዳደረው ያገለገለች ሆና በገዛት ነጭ ፒክአፕ ነው። ከዶዮገና ድንች፣ ከአንጋጫ ጎመን ጭኖ ሆሳዕና ገበያ ያራግፋል። ሰላም የሚነሳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የታዴዎስ መኪና።

ታዴዎስ ሚዜው ነበር። በሰርጉ ቀን ከጎኑ የቆመ፣ ለመጀመሪያ ልጁ ስም ያወጣ ሰው ነው። እሱም ነጭ ፒክአፕ አለው፤ እሷም አሮጌ ናት። ለዓመታት ሁለቱን መኪኖች የትኛዋ የማን እንደሆነች የሚለየው ባለቤቱ ብቻ ነበር። ልዩነታቸው የታየው አምና ኅዳር ላይ ነው።

በዚያን ጊዜ ዕንባቆም የእትዬ አስካለችን የስንዴ መውቂያ ማሽን ይጎትት ነበር። እትዬ አስካለች በየመኸሩ ማሽኑን ከማሳ ማሳ የሚያዞርላቸው አንድ መኪና ይይዛሉ። የተያዘው ሰው እስከ ጥር ድረስ ሥራ ፍለጋ ገበያ ዳር አይቆምም። ዕንባቆም ይህን ሥራ ለተከታታይ መኸሮች ይዞት ቆይቷል። አምና ግን ከዶዮገና በታች ያለው ዳገት መሀል ላይ የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው ፍሪሲዮን ተቃጠለ። ሽታው መንደር አዳረሰ። ታዴዎስ ተጠርቶ መጣ፤ ማሽኑን ከዕንባቆም መኪና ፈትቶ ከራሱ ጋር ቆለፈና ዳገቱን እያፏጨ ወጣው። ከዚያ ወዲህ እትዬ አስካለች የሚደውሉት ለታዴዎስ ነው።

ታዴዎስ ነገሩን እንደ ድል አልቆጠረውም። እንዲያውም በማግስቱ አዲስ አበባ ደውሎ ፍሪሲዮን አፈላለገለት። ዕንባቆም አመሰገነው። ማታ ግን ራት አልበላም።

«ቢንቀኝ ይሻለኝ ነበር» አላት ለሚስቱ ለርብቃ።

«የረዳህን ሰው?»

«ሲረዳኝ ፈገግ ይላል።»

«ታዴዎስ እኮ ተኝቶም ፈገግ ይላል። የጉንጩ ሥጋ ነው።»

እውነቷን ነው። ታዴዎስ አተካና፣ ያ ቅቤ የጠገበ የቡላ ምግብ፣ በቀረበበት ቤት ቸኩሎ የማይነሳ ሰው ነው። የባጃጅ ሾፌሮች «ጋሼ፣ የሁለት ሰው ነው የምናስከፍልዎት» እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም ቀድሞ ይስቃል።

ዓመቱን ሙሉ ዕንባቆም የታዴዎስን መኪና ድምፅ በደጁ ስታልፍ ይለይ ነበር። ሻይ እየጠጣ ከሆነ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ከሰው ጋር እያወራ ከሆነ ወሬውን ይረሳል። መስከረም ሲጠባ ወሰነ። መኪናዋን አጠናክሮ ሥራውን ከታዴዎስ እጅ ሊመልስ ወደ ጠና ጋራዥ ወሰዳት።

ጠና የሞተሩን ክዳን ከፍቶ፣ ከሥር ተኝቶ፣ ተነስቶ እጁን ጠረገ። ከበድ ያለ ፍሪሲዮን ያስፈልጋታል አለ፤ ተለቅ ያለ ራዲያተርም። የመጎተቻው ብረት ከሻንሲው ጋር በደንብ መበየድ አለበት። ፍሬኑም ሙሉ በሙሉ መታደስ አለበት።

«ዳገት መውጣቱ ብቻ አይደለም» አለ ጠና። «ቁልቁለት ላይ ማሽኑ አንተን እንዳይነዳህ ነው።»

«ባሌስትራውስ?»

ባሌስትራ የመኪናውን ጀርባ የሚሸከሙት፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተነባበሩት ቅስት ብረቶች ናቸው።

«እንጨምራለን።»

«የታዴዎስ ስንት አለው?»

«እኔ አልሠራሁትም። ዱራሜ ነው ያሠራው። ደውለህ ጠይቀው፣ ሚዜህ አይደል?»

ዕንባቆም አልደወለም።

እሑድ ወንጌላዊው «ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን በአንድነት እንጸልይ» ሲሉ፣ ምእመኑ እንደ ልማዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ በየራሱ መጸለይ ጀመረ። ይህ ጸሎት ረጅም ነው። ታዴዎስ ከፊት ወንበር ላይ እጆቹን ዘርግቶ ያለቅሳል። ዕንባቆም ዓይኑን ገለጠ፤ በጎን በር ወጣ። የታዴዎስ መኪና ከግቢው አጥር ሥር ቆማለች። የእሑድ ኮቱን አወለቀና በጀርባው ተንሸራቶ ከሥሯ ገባ። በቀኝ አምስት ብረት። በግራ ስድስት። እንደገና ቆጠረ። በግራ ስድስት ነው።

ጸሎቱ ሳያልቅ ተመልሶ ቦታው ላይ ቆመ። «አሜን» ሲባል የሱ ድምፅ ከሌሎቹ ጎላ።

«በቀኝ አምስት፣ በግራ ስድስት አድርግልኝ» አለው ለጠና።

«እኩል አይሆንም እኮ።»

«እንዳልኩህ።»

«ወንድሜ፣ መኪናዋ ትጎብጣለች።»

«ሲጫንባት ትስተካከላለች።»

የራሱ ትንታኔ ነበረው። የዶዮገና መንገድ ኩርባው ይበዛል፤ ማሽኑ በኩርባ ላይ ወደ አንድ ወገን ይጫናል፤ ታዴዎስ ይህን ደርሶበታል፤ ደርሶበት ደብቆታል። ለዚህ ነው ዱራሜ ድረስ ሄዶ ያሠራው። የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ ይልቅ አንገበገበው። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የታዴዎስ መኪና ራሷ ዘመም ብላ መቆሟን ግን ልብ አላለም። ግቢው ተዳፋት ነው፤ እዚያ የሚቆም መኪና ሁሉ ዘመም ይላል።

መኪናዋ ከጋራዥ ስትወጣ ወደ ቀኝ አዘንብላ ነበር። መኸሩ ሲደርስ ለእትዬ አስካለች ደወለ።

«እትዬ፣ መኪናዬን አድሻታለሁ። ዘንድሮ አንድ ጊዜ ይሞክሩኝ።»

«ታዴዎስን ልጠይቀው» አሉና ዘጉ። ትንሽ ቆይተው ደወሉ። «ይሞክር ብሏል። ቅዳሜ ና።»

ዕንባቆም ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። የራሱን ዕድል እንኳ በታዴዎስ ፈቃድ ነው ያገኘው።

ቅዳሜ ማሽኑ ተቆለፈለት። እትዬ አስካለች ወገባቸውን ይዘው መኪናዋን ከኋላ አዩዋት።

«ይቺ ልጅ ምን ሆናለች? እጅ የምትነሳ ትመስላለች።»

«መንገድ ላይ ትስተካከላለች፣ እትዬ።»

እሱ ከፊት፣ ታዴዎስ እትዬ አስካለችንና ጆንያውን ይዞ ከኋላ ሆነው ወጡ። ሜዳው ላይ ደህና ሄደች። ዳገቱ የመጀመሪያ ኩርባ ላይ ግን የተንጋደደው መጎተቻ የማሽኑን ዘንግ ነክሶ ያዘው። ብረት ሲያቃስት ተሰማ። የመኪናዋ ቀኝ ጎን ወደ ገደሉ ወረደ። ዕንባቆም ፍሬን ያዘ፤ ፍሬኑስ ጥሩ ነበር።

ታዴዎስ ወርዶ እያለከለከ መጣ። ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ። ብረቶቹን በጣቱ ቆጠረ።

«በግራ ስድስት» አለ በመጨረሻ። «ይሄን ማን ነገረህ?»

«ማንም።»

«ዕንባቆም፣ ከመኪናዬ ሥር ገብተሃል?»

ዕንባቆም መንገዱን አየ።

«መቼ?»

«ጸሎት ላይ።»

እትዬ አስካለች «ጌታ ሆይ!» አሉ። ታዴዎስ መኪናዋን ተደግፎ እስኪያስነጥሰው ሳቀ።

«አንተ ሰው! ያ ብረት ለማሽኑ መሰለህ? ለኔ እኮ ነው!» ሆዱን በመዳፉ መታ። «መሪው በየት በኩል ነው? በግራ። እኔ ስቀመጥ በግራ ትሰምጥ ነበር። የዱራሜው ልጅ አዝኖልኝ ነው የጨመረልኝ።»

«ሳቁ ይቆየንና» አሉ እትዬ አስካለች። «ደመና እየመጣ ነው፣ ስንዴው ሜዳ ላይ ነው። ታዴዎስ፣ ባንተ ቆልፍ።»

ዕንባቆም አምና የሸተተው ሽታ አፍንጫው ላይ መጣበት።

«ለምን እንፈታለን?» አለ ታዴዎስ። «መድኃኒቷ እኔው ነኝ።»

የዕንባቆምን መኪና በር ከፍቶ መሪው ላይ ተቀመጠ። መኪናዋ ሲጥ ብላ ወደ ግራ ወረደችና ቀጥ አለች። ትንሽ ወደ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ፊት አላት፤ የተነከሰው ዘንግ ተላቀቀ።

ለዕንባቆም የቀረችው የታዴዎስ መኪና ናት። እሱ ቀጭን ነው፤ መሪው ላይ ሲቀመጥ በተራዋ ወደ ቀኝ አዘነበለች፤ እትዬ አስካለች በቀኙ ሲገቡ ደግሞ ባሰባት። በዚያ አቀማመጥ፣ አንገቱን አጣሞ፣ የገዛ መኪናውን ከፊቱ ዳገት ስትወጣ አያት። አልሸተተችም። አላቃሰተችም። ራዲያተሯ አልፈላም። የታዴዎስ መኪና ማሽኑን ይዛ በዚህ ፍጥነት ወጥታው አታውቅም።

ዶዮገና መግቢያ ላይ የቆሙ ሰዎች ለሾፌሩ እጃቸውን አነሱ።

«ታዴዎስ! አዲስ ገዛህ እንዴ? ይቺማ ትጎትታለች!»

ዕንባቆም መስኮቱን ዘጋ።

«ምን ሆነሃል? ያንተን መኪና ነው እኮ የሚያሞግሱት» አሉ እትዬ አስካለች።

«ስሙ የሱ ነው።»

ሴትዮዋ አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ማሳው ዳር ሲደርሱ ከመውረዳቸው በፊት፣ «ያንን ትርፍ ብረት ዛሬውኑ አውጣው» አሉት። «ከሰኞ ጀምሮ ማሽኑን አንተ ትይዛለህ። እኔ የምፈልገው የሚወጣ መኪና ነው።»

ዓመት ሙሉ የጠበቃት ቃል ናት። ዕንባቆም ግን መጀመሪያ ያየው የታዴዎስን ፊት ነው። ታዴዎስ ላቡን እየጠረገ ይመጣ ነበር። እትዬ አስካለች እሱ እየሰማ ደገሙለት። ዕንባቆም ጠበቀ፤ ጉንጩ እንዲወድቅ፣ ዓይኑ እንዲጠቁር። ጥቂት፣ ጥቂት ብቻ።

«እሰይ!» አለ ታዴዎስ። «እንኳን ደስ አለህ! እኔም ተገላገልኩ። እንዴት ብዬ ልተውልዎት እያልኩ ሳስብ ነበር፣ እትዬ። ኢሱዙ ላስገባ ነው። ከወንድሜ ጋር። ከጥምቀት በኋላ ይመጣል።»

«ኢሱዙ?» አለ ዕንባቆም።

«ኢሱዙ። ለሰውም አልነገርኩም፣ ለእናንተ ብቻ ነው።»

ሠራተኞቹ ነዶውን ወደ ማሽኑ ማጋዝ ጀምረዋል። አንዱ «ሾፌር፣ ትንሽ ወደ ኋላ በላት!» ብሎ ተጣራ። ጥሪው ለዕንባቆም ነበር። ዕንባቆም አልሰማም።

«እንኳን ደስ አለህ» አለው ለሚዜው። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀው።

«ስንት ኩንታል ይጭናል?»