የበቀቀኑ ምንቃር

የበቀቀኑ ግንባር ቢጫ ነበር ወይስ ብርቱካናማ? ብዙ ጊዜ አሰላስዬ መወሰን አልቻልኩም። በኋላ በዩኒቨርሲቲ ያገኘኋቸው መጻሕፍት ቢጫ ይላሉ፤ በአእምሮዬ የተቀመጠው ወፍ ግን ግንባሩ የበሰለ ብርቱካን ይመስላል። በደቡብ ምዕራብ ደኖች የሚኖሩት ወደ ብርቱካናማ እንደሚያደሉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሳነብ ደስ አለኝ፤ ወዲያውም ትዝታዬን ቀለም የቀባሁት ይህን ካነበብኩ በኋላ ይሆን እንዴ ብዬ ተጠራጠርኩ። ስለ ምንቃሩ ግን ጥርጣሬ የለኝም።

በ1940ዎቹ መጨረሻ ላይ፣ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት፣ አሰብ ውስጥ የተፈጥሮ ሳይንስ አስተምር ነበር። የተከራየሁት ክፍል ከጅማ አካባቢ መጥተው ሱቅ በከፈቱ አንድ ሐጂ ግቢ ውስጥ ነበር። ሐጂ አገራቸውን ሲለቁ ይዘውት የመጡት ነፍስ ያለው ነገር ይህ በቀቀን ብቻ ነው። ላባ ሳያወጣ፣ ከተቆረጠ የዝግባ ግንድ ጉድጓድ ውስጥ አግኝተው በእጃቸው እያጎረሱ አሳደጉት። አሰብም ከገቡ በኋላ ማጉረሱን አልተዉም። የቴምሩን ፍሬ አውጥተው፣ ኦቾሎኒውን ከነስሱ ሽፋኑ ልጠው፣ ብስኩቱን በወተት አርሰው በሽቦ ቤቱ ቀዳዳ ያቀብሉታል።

«እሱስ ራሱ ቢልጥ ምን አለበት፣ ሐጂ? ሌላ ምን ሥራ አለው?» ብዬ ስቀልድባቸው፣

«እንግዳ ነው፣ መምህር። እኔ ቤት እንግዳ አይልጥም» ይሉኝ ነበር።

ሙቀቱ መክበድ በጀመረበት ሰሞን ወፉ መብላት ተወ። የተሰጠውን ያነሳና ይጥለዋል። ላባው ቆመ፤ የደረቱ አጥንት ወጣ። ሐጂ ሲያማክሩኝ መልሱ አፌ ላይ ነበር። ይህ በቀቀን የደጋ ደን ፍጡር ነው፤ ጉም በሚያርፍባቸው ዝግባዎችና ጽዶች መካከል፣ በየማለዳው እየጮኸ ከጫፍ ጫፍ የሚበር፣ ጠንካራ ፍሬ እየፈለፈለ የሚኖር ነው፤ ስለዚህ የጎዳው ሙቀቱ ነው አልኩ። በቤቱ ላይ እርጥብ ጆንያ አለበስንለት። ለውጥ አላመጣም። በመጨረሻም «ወደ አገሩ ካልተመለሰ አይተርፍም» ብዬ ፈረድኩ። ጠንካራ ፍሬ የሚለውን ቃል ከራሴ አፍ ሰምቼ እንዴት እንዳለፍኩት ዛሬም ይገርመኛል።

ሐጂ ሁለት ቀን መንገደኛ አፈላለጉ። ከዚያም ለዕረፍት ወደ አዲስ አበባ የሚበር አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ለምነው፣ ወፉን ከነቤቱ ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ወደ ጅማ ለሚወስደው ወንድማቸው እንዲያደርስላቸው ተስማሙ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ በረንዳው ላይ ሲቀመጡ ጀርባቸውን ለወፉ ይሰጣሉ።

«እንዲለምደው ነው» አሉኝ። ከሁለቱ ማን እንዲለምደው እንደሆነ አልጠየቅኩም።

አውሮፕላኑ ሊነሳ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወዲያ ካለው ሰፈር በየማለዳው የፍየል ወተት የምታመጣልን አፋር ሴት መጣች። ጠና ያለች፣ ሁላችንንም «አንተ» የምትል ሴት ናት። ንግግሯን እንዲህ አቃንቼ ስጽፈው ምናልባት ግማሹ የሐጂ ትርጉም ይሆናል።

«ወፍህ ምን ሆነ?» አለቻቸው።

«ታመመ። ነገ አገሩ ይገባል። ሙቀቱ ነው፤ መምህሩ ነው ያወቀልን።»

ሴትዮዋ ከራስ እስከ እግር አየችኝ። «አንተንስ ሙቀቱ መቼ ነው የሚወስድህ?»

ሐጂ ከስንት ቀን በኋላ ሳቁ። እሷ ግን ወተቷን አስቀምጣ ወደ ወፉ ቀረበች። «ይሄ ሰኮና ነው» አለች።

«ምንቃር ነው፣ እናቴ» አልኳት።

«ሰኮና ነው አልኩህ! ከተማ የገባች ፍየል አላየህም? ወረቀት እየበላች አሸዋ ላይ ስትውል ሰኮናዋ ያድግና ይታጠፋል፤ መሄድ ያቅታታል። የእኔዎቹ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ነው የሚውሉት፤ ድንጋዩ ይሞርድላቸዋል። ለዚህ ምን ይሞርድለታል? አንተ ሁሉን ልጠህ ትሰጠዋለህ!»

ቀረብ ብዬ አየሁት። የላይኛው ምንቃር የታችኛውን አልፎ ወደ ጉሮሮው ታጥፏል፤ ሁለቱ አይገጥሙም። በየቀኑ አየው ነበር እኮ። የበቀቀን ምንቃር ቆልማማ መሆኑን ስለተማርኩ፣ ምን ያህል ሲቆለመም እንደሚበዛ ጠይቄ አላውቅም።

ሐጂ ጣቶቻቸውን ተመለከቱ፤ የኦቾሎኒ ሽፋን ተጣብቆባቸው ነበር። ከዚያ ከሱቃቸው ትንሽ ሞረድ አመጡ። ወፉን በሽርጥ ጠቀለልነው፤ ሴትዮዋ ግልገል እንደምትይዝ ራሱን በሁለት ጣቶቿ ያዘችና በጥፍሯ መስመር አሳየችኝ። «ከዚህ ወዲያ ደም አለው።» ሐጂ ሞረዱን ስላቀበሉኝ የሞረድኩት እኔ ነኝ። ወፉ ጮኸ፤ ሐጂም «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» እያሉ አብረውት ጮኹ። ስንለቀው ቆይቶ ቆይቶ የራሰ ብስኩት ዋጠ።

በማግስቱ ሴትዮዋ ደረቅ የግራር ቅርንጫፍ አምጥታ በሽቦው ውስጥ አቆመችለት፤ ልጣጩን መቧጨር ጀመረ። መንገደኛውም ኮቱን ለብሶ ደረሰ።

«ሐጂ፣ አውሮፕላኑ አይጠብቅም። ወፉ የታለ?»

«ቀርቷል።»

«እኔ እኮ ጉልበቴን ለእሱ ብዬ ባዶ አድርጌ መጣሁ!»

«ጋዜጣ ዘርጋበት፣ ልጄ። በሰላም ግባ።»

ሰውየው እየሳቀ ሲሄድ ሐጂ ወንበራቸውን ወደ ወፉ አዙረው ተቀመጡና አንድ ኦቾሎኒ ከነቅርፊቱ ሰጡት። ጣለው። ደግመው ሰጡት፤ በእግሩ ይዞ አገላበጠውና እንደገና ጣለው። የሐጂ እጅ ሊልጥለት ተነሳ፤ መንገድ ላይ ቆመና ተመልሶ ከጭናቸው ሥር ገባ።

«ይችላል?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ ሐጂ» አልኳቸው።

ስንት ጊዜ እንደጣለው አላስታውስም፤ አምስትም ይሁን አሥር። ወደ ትምህርት ቤት ለመሄድ ስነሳ ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ የሰማሁ ይመስለኛል፤ ምናልባት ግን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። በዓይኔ ያየሁት ከሰዓት በኋላ ስመለስ ነው፦ ሐጂ የተሰባበረውን ቅርፊት ከወለሉ ለቅመው በመዳፋቸው ይዘው፣ ስኳር ሊገዛ ለመጣው ሁሉ ያሳዩ ነበር።