የአቡ ሰሊም ነጭ ሸሚዝ

ዛሬ በተማሪዎች መኖሪያችን ልብስ ማጠቢያ ክፍል የአንድ ሰው እርጥብ ልብስ ወለሉ ላይ ተጥሎ አየሁ። የሳሙናው ሽታ ወደ ሰባት ዓመቴ መለሰኝ።

በስደት በምንኖርበት ቴንስታ ሰፈር ጎረቤታችን የነበሩት አቡ ሰሊም ፍልስጤማዊ ገጣሚ ነበሩ፤ የእስልምናን ታሪክም ይጽፉ ነበር። አንድ ቀን፣ ማታ ቤተ መጻሕፍት ግጥም ሊያነቡ ስለነበር፣ በሕንፃችን የጋራ ማጠቢያ ክፍል ከእኛ ጎን ነጭ ሸሚዛቸውን እያጠቡ ነበር። በተራ የያዙት ሰዓት ትንሽ ስላለፈ ቀጣዩ ባለተራ ሸሚዙን ከማሽኑ አውጥቶ ወለሉ ላይ ጣለው፤ በጫማውም ረገጠው።

አቡ ሰሊም ሸሚዛቸውን አንሥተው፣ ሱዳን ሳለች ዓረብኛ ለለመደችው እናቴ አንድ ነገር ነግረዋት ሳቁ።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«የእኛ አገር ንጉሥ ነጃሺ የነቢዩን ስደተኞች ሲቀበል ‹ተራ ይዛችኋል ወይ?› አላለም፣ አሉ።»

እሷ አልሳቀችም። የኛን ልብስ ከሌላው ማሽን ጎትታ አውጥታ ሸሚዙን ከተተችና ወደ ሰውየው ዞረች።

«ይሄ የእኔ ማሽን ነው። ንካውና እንተያያለን!» አለችው በአማርኛ። ሰውየው ገባው።

ያኔ የአቡ ሰሊም ቀልድ አልገባኝም ነበር። ዛሬ ገብቶኛል፤ ግን ደሜ ፈላ እንጂ አልሳቅሁም። የራሴን ልብስ ከማሽኑ አውጥቼ የተጣለውን ከተትኩና በሩ ላይ ቆምኩ።